የማይታየውን ኮከብ በቍጥር ስላገኘው ስለ ፍሪድሪኽ ቤሴል

በየካቲት ወር መከር ተሰብስቦ፥ እህሉ ጎተራ ገብቶ፥ ሰማዩም ከደመና ጠርቶ ባለ ጊዜ፥ በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭልሞ ዱር ዳርቻ የሚኖር ሰው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና ቢል፥ ከጥዱና ከዝግባው ጫፍ በላይ፥ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለ እጅግ የሚያበራ ነጭ ኮከብ ያያል። እንደ አጥቢያ ኮከብ ያሉት ዙዋሪዎች ሳይቈጠሩ፥ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ በብርሃን የሚበልጠው ይህ ነው። ስሙ ሲርዩስ ይባላል። የቦረና ዘመን ቈጣሪዎችም ቀንንና ወርን ከሚለዩባቸው ከዋክብት አንዱ ነውና ባሳ ብለው ይጠሩታል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ኮከብ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ነገር ግን ብቻውን እንዳልሆነ ያየ ከእናንተ መካከል የለም። ሲርዩስ ከጐኑ የማይለይ ጓደኛ አለው፤ ሁለቱም እንደ ጥማድ በሬ ተያይዘው ይዞራሉ። ይህን ጓደኛ የሰው ዐይን ገና ሳያየው፥ በርግጥ አለ ብሎ በቍጥር ብቻ የመሰከረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ቤሴል ይባላል። ታሪኩን እነሆ እንጽፋለን፤ ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤሴል በ1784 ዓ.ም. በጀርመን አገር፥ ሚንደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በመንግሥት ቤት የሚያገለግል አነስተኛ ሹም ነበረ፤ እናቱም የቄስ ልጅ ነበረች። የቤቱ ልጆች ዘጠኝ ነበሩና ለሁሉ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ የላቲን ቋንቋ ማለት ሮማይስጥ አልሆነለትም፤ አልወደደውምም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ላቲን የማያውቅ ሰው፥ በእኛ አገር ቅኔ እንዳልዘለቀ ተማሪ፥ እንደ ተማረ አይቈጠርም ነበር። ቍጥርን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። ስለዚህ አባቱን ለምኖ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1799 ዓ.ም. መባቻም ብሬመን ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄዶ በአንድ ትልቅ የነጋዴ ቤት ገባ። ውሉም ሥራ እየተማረ ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል ነበረ።

ሥራው ደብዳቤ መገልበጥና የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ነበረ። ልጁ ሒሳቡን ፈጥኖና አጥርቶ ስለሚሠራ፥ ጌቶቹ ውሉ ሳያስገድዳቸው ጥቂት ገንዘብ ይሰጡት ጀመር። እርሱ ግን ልቡ ከመዝገቡ አልፎ ሸቀጡ ወደሚሄድበት ወደ ሩቅ አገር ይመለከት ነበር። መርከብ ተሳፍሮ ወደ ቻይናና ወደ ምሥራቅ ደሴቶች ለንግድ መሄድን ተመኘ። ለዚህም ያስፈልገኛል ብሎ ማታ ማታ ከሥራው በኋላ እንግሊዝኛና እስጳንኛ፥ የምድርንም አቀማመጥ ያጠና ጀመር። ቀጥሎም የመርከብን አመራር ተማረ። በውቅያኖስ መካከል ምልክት የሚሆን ተራራ ወይም ዛፍ ስለሌለ፥ መርከበኛ ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው ፀሐይንና ከዋክብትን ለክቶ ነው። ቤሴልም ይህን መማር ባስፈለገው ጊዜ፥ በአናጢና በሰዓት ሠሪ እርዳታ ቀለል ያለ መለኪያ አሠርቶ ሰማይን በራሱ እጅ ይለካ ጀመር። ሳኦል የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት እንዳገኘ፥ ይህም ወጣት ንግድ ሊፈልግ ወጥቶ የሰማይን ትምህርት አገኘ።

በብሬመን ኦልበርስ የሚባል ሐኪም ነበረ። ቀን ሕሙማንን ያክማል፥ ሌሊት በቤቱ ሰገነት ላይ ሆኖ ከዋክብትን ይመለከታል፤ በጅራታም ከዋክብት ዕውቀትም ስሙ የታወቀ ነበረ። ቤሴል በዚያን ጊዜ 20 ዓመት ሊሞላው ነበር። በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰውን ሃሊ የተባለውን ጅራታም ኮከብ፥ በ1607 ዓ.ም. ሃሪየት የሚባል እንግሊዛዊ አይቶ የለካበትን ቍጥር አገኘና፥ የኮከቡን መንገድ በሒሳብ አወጣ። በ1804 ዓ.ም. አንድ ቀን ኦልበርስን በመንገድ ላይ አግኝቶ ጽሑፉን እንዲያይለት ለመነው። ሐኪሙም ወደ ቤቱ ሄዶ ባነበበው ጊዜ እጅግ ተደነቀ፤ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ የነጋዴ ጸሓፊ የሊቃውንትን ሥራ ሠርቶ ነበርና። ጽሑፉም እንዲታተም አደረገ። ኦልበርስ በዕድሜው ከማርስ በላይ የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ዓለማትን ያገኘ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለሰማይ ትምህርት ካደረግሁት ሁሉ የሚበልጠው ቤሴልን ማምጣቴ ነው እያለ ይናገር እንደ ነበር ይታወቃል።

በ1806 ዓ.ም. የሰባቱ ዓመት ውል ሲያልቅ ለቤሴል ሁለት መንገድ ተከፈተለት። የነጋዴው ቤት ጥሩ ደመወዝ ሰጥቶ ሊያስቀረው ፈለገ። በሌላም ወገን ኦልበርስ በብሬመን አጠገብ ሊልየንታል በሚባል መንደር፥ ሽሮተር በተባለ ሰው የከዋክብት መመልከቻ ቤት፥ በጥቂት ብር የሚሠራበትን ረዳትነት አዘጋጀለት። ወጣቱ ብዙውን ብር ትቶ ጥቂቱን መረጠ። ወላጆቹ ዘጠኝ ልጅ በጭንቅ ያሳደጉ ሰዎች እንደ ነበሩ ስናስብ ምርጫው ቀላል እንዳልነበረ እንረዳለን።

በሊልየንታል አራት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ የፕሩስያ ንጉሥ ወደ ኬኒግስበርግ ጠራው። የፕሩስያ መንግሥት በዚያ ወራት በናፖሌዎን ተሸንፎ፥ ከአገሩ እኩሌታውን ተነጥቆ፥ ግምጃ ቤቱም ባዶ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ድህነት ውስጥ ሳለ ለከዋክብት መመልከቻ ቤት ለመሥራት ማሰቡ የሚያስደንቅ ነው። ቤሴል ገና 25 ዓመቱ ነበረ፤ የቤቱም አለቃና የትምህርት ቤቱ መምህር ሆኖ ተሾመ። የመምህርነት ማዕርግ የለውም ተብሎ ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ በሒሳብ ዕውቀት በዘመኑ አቻ ያልነበረው ጋውስ ስለ እርሱ መስክሮ፥ የጌቲንገን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያለ ፈተና የዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው። መመልከቻ ቤቱ በ1813 ዓ.ም. ተፈጸመ። ቤሴልም ሚስት አግብቶ፥ ልጆች ወልዶ፥ በ1810 ዓ.ም. ከመጣበት ከዚህ ከተማ እስኪሞት ድረስ አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንምጣ። ቤሴል አዲስ ነገር ለማግኘት አልቸኰለም፤ አስቀድሞ የሞተ ሰው የተወውን መዝገብ አነሣ። ብራድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1750 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ ከዋክብትን ስፍራ ለክቶ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሮቹን አጣርቶ ያስተካከለ ሰው ስላልነበረ ሥራው እንዳልተወቃ እህል ተከምሮ ቀርቶ ነበር። የብርሃን መጣመም፥ የአየር ሙቀትና ብርድ፥ የመለኪያው ጉድለት ሁሉ እየታሰበ መቀነስና መጨመር ነበረበት። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ አንዲት ቍጥር ብትስት በዓላቱ ሁሉ እንዲሳሳቱ ያውቃል፤ የቤሴልም ድካም እንዲሁ ያለ ነበረ፤ ነገር ግን በሺህ የሚቈጠር ነው። በ1818 ዓ.ም. የ3222 ከዋክብትን ስፍራ አጥርቶ በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያም ወዲህ ማንኛውም ሰው አንድ ኮከብ በብራድሊ ዘመን የት እንደ ነበረ፥ ዛሬስ የት እንዳለ ለማስተያየት ቻለ። እርሱም ራሱ በኋላ በ12 ዓመት ውስጥ 75,000 ያህል ልክ ወሰደ።

በዚህ ሥራ መካከል ያደረገው አንድ ነገር ሊነገር ይገባዋል። በ1796 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች መመልከቻ ቤት፥ አለቃው ማስክሊን ረዳቱን ኪንብሩክን ከሥራ አባርሮት ነበር፤ ምክንያቱም ረዳቱ ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ ያለውን ክር ሲያልፍ የሚጽፈው ሰዓት ከአለቃው ሰዓት ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይዘገይ ስለ ነበር ነው። ሰዎች ሁሉ ረዳቱን ሰነፍ አሉት። ቤሴል ይህን ባነበበ ጊዜ ግን ምናልባት ሰውዬው ሰነፍ አይደለም፥ ዐይንና ጆሮ በየሰዉ ይለያይ ይሆናል ብሎ አሰበ። ራሱን ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ አስተያይቶ በመረመረ ጊዜ በርግጥ የተለያየ ሆነ፤ በእርሱና በአንዱ ጓደኛው መካከል ከአንድ ሰከንድ የሚበልጥ ልዩነት ተገኘ። ስለዚህ የብረቱን መለኪያ ጉድለት እንደሚቀንስ ሁሉ፥ የራሱንም የዐይን ጉድለት ከቍጥሩ ላይ ይቀንስ ጀመር። ለተባረረው ረዳት ግን ይህ ምንም አልጠቀመውም፤ በወጣትነቱ ሞቶ ነበርና።

ቤሴል በዓለም ሁሉ የታወቀበት ሥራ የከዋክብትን ርቀት መለካቱ ነው። ጣታችሁን በፊታችሁ አቁማችሁ አንዱን ዐይን ጨፍናችሁ ሁለተኛውን ብትገልጡ፥ ቀጥሎም ብትለዋውጡ፥ ጣታችሁ ከበስተኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ የተንቀሳቀሰ ይመስላችኋል። ምድርም ፀሐይን ስትዞር እኛን ወዲያና ወዲህ ስለምትወስደን፥ ቅርብ የሆነ ኮከብ እንዲሁ ሊንቀሳቀስ ይገባዋል። ሊቃውንት ይህን እጅግ ብዙ ዘመን ፈልገው አላገኙትም ነበር፤ ልኩ በጣም ጥቂት ነውና። ቤሴል ፍራውንሆፈር በተባለ የመስተዋት ጠቢብ የተሠራ ልዩ መነጽር ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ 61 ሲግኒ የሚባለውን ኮከብ ተከታተለ። በ1838 ዓ.ም. ብርሃን ከዚያ ኮከብ ተነሥቶ እስከ እኛ ለመድረስ ከ10 ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት አስታወቀ። ዛሬ በተሻለ መሣሪያ 11 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዞችም ስለዚህ ሥራ የወርቅ ኒሻን ላኩለት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በቍጥሮቹ መካከል አንድ ነገር ያውከው ነበር። ከዋክብት ቆመው የሚኖሩ ይመስሉናል እንጂ እያንዳንዱ በቀጥታ መንገድ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ቤሴል የሲርዩስን ስፍራ ከብራድሊ ጀምሮ እስከ ራሱ ዘመን በተከታታይ ባስተያየ ጊዜ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ አልሆነለትም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። ጥምዝማዜው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዲት የባቄላ ፍሬ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ብትታይ የምትይዘውን ስፍራ ያህል ነው። ደግሞም ሲርዩስ ለእኛ በሰማዩ ከፍታ የሚያልፍ ሲሆን፥ ኬኒግስበርግ ወደ ሰሜን የራቀች ስለ ሆነች በዚያ የሚታየው ከአድማስ ብዙ ሳይርቅ፥ በወፍራም አየር ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መለኪያዬ ተሳስቷል ብሎ ይተወው ነበር። ቤሴል ግን የመለኪያውንም የዐይኑንም ስሕተት ቀድሞ አውጥቶ ጨርሶ ነበርና፥ የተረፈው ጥምዝማዜ የኮከቡ የራሱ መሆኑን አወቀ።

ኮከቡ ለምን ይጠማዘዛል? ይህን በምሳሌ እንየው። ጀምበር ጠልቃ ዐይን ለዐይን መተያየት ሲያስቸግር፥ ነጭና ጥቁር በሬ በአንድ ቀንበር ተጠምደው በሩቅ እርሻ ላይ ሲያርሱ እንያቸው። ነጩ ይታያል፥ ጥቁሩ ግን በጨለማው ተውጦ አይታይም። ነጩ በሬ ወዲያ እየተሳበ ወዲህ እየተመለሰ ሲሄድ ብናይ፥ ከጐኑ የሚስበው ሌላ በሬ እንዳለ ሳናየው እናውቃለን፤ መሳቡም ብርቱ ከሆነ ጥቁሩ በሬ ጥጃ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቤሴልም ሲርዩስን የሚስብ፥ ከባድ የሆነ፥ የማይታይ ጓደኛ አለ ብሎ በ1844 ዓ.ም. አስታወቀ። ፕሮስዮን የሚባለውም ሌላ ብሩህ ኮከብ እንዲሁ ያለ ጓደኛ እንዳለው ጨምሮ ተናገረ።

ብዙ ሰዎች ይህን ለመቀበል አመነቱ። ኮከብ ማለት የሚያበራ ነው፤ የማያበራ ኮከብ አለ ማለት የማይሞቅ እሳት አለ እንደ ማለት መሰላቸው። ቤሴል መነጽሩን አዙሮ እነሆ ብሎ ሊያሳያቸው አልቻለም፤ በእጁ ያለው ቍጥር ብቻ ነበረ። በዚያም ላይ የኀዘን ጊዜው ነበር። ወንድ ልጁ በ1840 ዓ.ም. በ26 ዓመቱ ሞቶበት ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶም በራሱ ላይ ጽኑ ደዌ ወረደበት። ኡራኑስ የሚባለውም ዓለም ከመንገዱ ስለሚዛነፍ፥ ከእርሱ በላይ ያለ ሌላ የሚስበው ዓለም ሊፈልግ አስቦ ሳለ፥ ሕመሙ አልፈቀደለትም። በማርች 17 ቀን 1846 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ አረፈ። ኔፕቱን የተባለው ያ ዓለም እርሱ ከሞተ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ተገኘ። የሲርዩስ ጓደኛ ግን ገና አልታየም ነበር።

በ1851 ዓ.ም. ፔተርስ የሚባል ሊቅ የቤሴልን ቍጥሮች ይዞ ቀጠለና፥ ሁለቱ ከዋክብት አንድ ዙር የሚፈጽሙት በ50 ዓመት ገደማ እንደ ሆነ አወጣ። ከዚያም በጃንዋሪ 31 ቀን 1862 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን አጠገብ፥ አልቫን ክላርክ የሚባል መስተዋት ሠሪ ከልጁ ጋራ አዲስ የሠሩትን ትልቅ የመነጽር መስተዋት ይፈትኑ ነበር። ስፋቱ 47 ሳንቲ ሜትር ነበረ። ልጁ መነጽሩን ወደ ሲርዩስ ባዞረ ጊዜ፥ በታላቁ ብርሃን አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ስፍራዋ ቍጥሩ በሚያዝዘው በኩል ሆኖ ተገኘ። ቤሴል በሞተ በ16 ዓመቱ ቃሉ በዐይን ታየ። የፕሮስዮንም ጓደኛ በ1896 ዓ.ም. ታየ።

ቤሴል ግን በአንድ ነገር አልመታም፤ ጓደኛው ጨለማ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ጨለማ አይደለም፤ ብርሃኑ ከሲርዩስ ብርሃን አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚያንስ፥ በፀሐይ አጠገብ እንደ በራ ሻማ ጠፍቶ ነው እንጂ። በ1915 ዓ.ም. አዳምስ የሚባል አሜሪካዊ ብርሃኑን ለይቶ በመረመረ ጊዜ ነጭና እጅግ ትኩስ ሆኖ አገኘው። ዛሬ የፊቱ ትኵሳት 25,000 ዲግሪ ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የፀሐይ 6,000 አይሞላም። እንዲህ ትኩስ ሆኖ ብርሃኑ ማነሱ፥ አካሉ እጅግ ትንሽ ቢሆን ነው። በእውነትም መጠኑ ከምድራችን ጥቂት ያንሳል፤ ክብደቱ ግን ከመላዋ ፀሐይ ክብደት ጥቂት ይበልጣል። ከእርሱ አፈር የባቄላ ፍሬ የምታህል ብትወሰድ በሚዛን ከ20 ኩንታል በላይ ትሆናለች።

እንዲህ ያለ ኮከብ ነጭ ድንክ ይባላል። ኮከብ የሚነድበትን ነገር በጨረሰ ጊዜ የላዩ አካል ተበትኖ ውስጡ ብቻ ተጨምቆ ይቀራል፤ እንጨቱ ካለቀ በኋላ በምድጃው እንደሚተርፍ ፍም ነው፤ አይነድም፥ ነገር ግን ትኩስ ነውና ብዙ ዘመን ያበራል። ይህ ድንክ ቀድሞ ከሲርዩስ የሚበልጥ ታላቅ ኮከብ ነበረ፤ ታላላቆች ከዋክብት ፈጥነው ስለሚነድዱ ቀድሞ አለቀ። ብዙዎቹ ነጭ ድንኮች የፀሐይን ክብደት ስድስት አሥረኛ ያህል ሲመዝኑ፥ ይህ ከከባዶቹ ወገን ነው። ደግሞ ነጭ ድንክ ክብደቱ በጨመረ ቍጥር ራሱን ስለሚጨምቅ አካሉ ያንሳል፤ ይህ ከምናውቀው ነገር ሁሉ ተቃራኒ ነው። ቻንድራሴካር የሚባል ሕንዳዊ በ1930 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ሲጓዝ ይህን አስቦ፥ ነጭ ድንክ ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ወሰን እንዳለው በሒሳብ አገኘ፤ ወሰኑም የፀሐይ አንድ ከአራት አሥረኛ ያህል ነው። ጥማዱ እጅግ ተቀራርቦ ከባዱ ድንክ ከጓደኛው አካል እየሳበ ወደዚህ ወሰን የተጠጋ እንደ ሆነ፥ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ይጠፋል። ቲኮ ብራሄ የተባለ የዴንማርክ ሰው በ1572 ዓ.ም. ያየው፥ በቀን ሳይቀር የታየ አዲስ ኮከብ የነጭ ድንክ ፍንዳታ ነበረ። የሲርዩስ ጓደኛ ግን ከሲርዩስ የራቀ ስለ ሆነ ከአካሉ አይወስድም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም።

ቤሴል የሠራበት መመልከቻ ቤት በ1944 ዓ.ም. በጦርነት ፈረሰ፤ ከተማይቱም ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩስያ ግዛት ናት። በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት መነጽሮች ቆመዋል፤ ስፋታቸው ከክላርክ መስተዋት በእጥፍ ይበልጣል። የሲርዩስ ጓደኛ ከታየበት ከ1862 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት ዙር ፈጽሞ አራተኛውን ጀምሯል። በ2019 ዓ.ም. ከሲርዩስ እጅግ የራቀበት ጊዜ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ እየቀረበ ይመጣል፤ በ2044 ዓ.ም. ገደማ እጅግ ይጠጋዋል፥ በብርሃኑም ውስጥ ይሰወራል። ያን ጊዜ ለማየት ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል።